ግድግዳው ሳይለሰን

ብሎኬቱ ተደርድሮ፣ ሶሌታው ተሞልቶ፣ ልስን ሊመታ ጥቂት ቀናት የቀሩት ቤት ውስጥ መዞር ደስ ይላል። የመብራት ቱቦዎች ጫፋቸውን ከጣሪያው አውጥተዋል፤ ሶኬት የሚገባባቸው ቦታዎች ተፈልፍለዋል፤ የውሃው መስመር ተዘርግቷል። ባለቤቱ የወጥ ቤቱ ሲንክ በየት በኩል እንደሚሆን፣ የሳሎኑ መብራት ስንት ማብሪያ እንደሚኖረው ከሠራተኞቹ ጋር ይመካከራል። የኔትዎርክ ነገር ግን አይነሳም። የሚነሳው ቀለሙ ከደረቀ፣ ዕቃው ከገባ በኋላ፣ ላይኛው ፎቅ ያሉት ልጆች «ዋይፋዩ እዚህ አይሠራም» ሲሉ ነው።

ለምሳሌ የምወስደው አዲስ አበባ ውስጥ በብዛት የሚታየውን ጂ+1 ቤት ነው፦ ታች ሳሎን፣ ወጥ ቤትና የሥራ ክፍል፤ ላይ ሦስት መኝታ ቤት፤ በጓሮ በኩል ሰርቪስ ቤት። እንዲህ ያለ ቤት ለዋይፋይ ምቹ አይደለም። በሁለቱ ፎቆች መካከል ያለው ሶሌታ በፌሮ የታጠረ ኮንክሪት ነው፤ የ5 ጊጋኸርትዝ ሞገድ እዚያ ሲደርስ አብዛኛው ኃይሉ ያልቃል። የ2.4 ጊጋኸርትዙ ትንሽ ይሻላል፤ እሱ ደግሞ በጎረቤት ዋይፋይ ሁሉ የተጨናነቀ ነው። ሰዉ መፍትሔ ብሎ የሚገዛው ሪፒተር ከእጅ አይሻል ዶማ ነው፤ በአንድ ቻናል ተቀብሎ በዚያው ቻናል መልሶ ስለሚያስተላልፍ ፍጥነቱን በግማሽ ይቀንሰዋል፤ የሚቀመጠውም ሲግናሉ ቀድሞ በደከመበት ቦታ ነው። ትክክለኛው መፍትሔ በየፎቁ ጣሪያ ላይ አንዳንድ አክሰስ ፖይንት (ዋይፋይ የሚያሰራጭ ዕቃ) ሰቅሎ ሁለቱንም በሽቦ መመገብ ነው። ዋይፋይ የመጨረሻዎቹን ጥቂት ሜትሮች ይሸፍን፤ ረጅሙን መንገድ መዳብ ይሂድ።

አንድ ክርክር ሁልጊዜ ይነሳል፦ «የገባሁት ኢንተርኔት 20 ሜጋቢት ነው፤ ለዚህ ጊጋቢት ሽቦ ምን ያደርግልኛል?» ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ መልስ ይገባዋል። አንደኛ፣ በቤት ውስጥ የሚመላለሰው መረጃ ሁሉ ከኢንተርኔት የሚመጣ አይደለም። የካሜራ ምስል ወደ መቅጃው፣ የሠርግ ቪዲዮ ከኮምፒውተር ወደ ቴሌቪዥን፣ የሥራ ፋይል ወደ ማስቀመጫ ዲስክ የሚሄደው በቤቱ መስመር ነው። 40 ጊጋባይት የሆነ ቪዲዮ በጊጋቢት መስመር በ6 ደቂቃ ገደማ ያልፋል፤ በ100 ሜጋቢት መስመር አንድ ሰዓት ይፈጃል። ሁለተኛ፣ የቪዲዮ ስብሰባን የሚያቆራርጠው አብዛኛውን ጊዜ የፍጥነት ማነስ ሳይሆን በዋይፋይ ላይ የሚደርሰው መዘግየትና መጥፋት ነው። ሦስተኛው ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። የኢንተርኔቱ ጥቅል በአንድ የስልክ ጥሪ ይለወጣል፤ ስዊች (የቤቱን ኬብሎች የሚያገናኘው ሳጥን) በአንድ ቀን ተገዝቶ ይተካል፤ ግድግዳ ውስጥ የገባው ግን ቤቱ እስካለ ይኖራል። ገንዘብ ካጠረ ከስዊቹ ይቀነስ እንጂ ከቱቦውና ከኬብሉ አይቀነስ የምለው ለዚህ ነው።

ቱቦው

ከኬብሉም በላይ ዋናው ነገር ቱቦው ነው። ኬብል ሲበላሽ ወይም ሲያረጅ በቱቦው ውስጥ ሌላ ይጎተታል። ኬብሉን ያለ ቱቦ በልስን የቀበረ ሰው ግን ያንን ዕድል በገዛ እጁ ዘግቷል።

የቱቦ ስፋት የሚወሰነው በሚገባበት የኬብል ብዛት ነው። ደንቡ ከቱቦው የውስጥ ስፋት ከ40 በመቶ በላይ አለመሙላት ነው። ካት 6 የተባለው የኔትዎርክ ኬብል ውፍረት 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ በ20 ሚሊ ሜትር ቱቦ 2፣ በ25 ሚሊ ሜትር 4፣ በ32 ሚሊ ሜትር 8 ኬብል ቢገባ ይበቃል። ባዶው ቦታ የባከነ ይመስላል፤ ኬብሎቹ በማጠፊያው ላይ እርስ በርስ ሳይፋጩና ሳይቆነጠጡ የሚያልፉት ግን በእሱ ነው፤ ወደፊት የሚጨመረውም በእሱ ይገባል። መብራት የሚዘረጋው ሠራተኛ «16 ሚሊ ይበቃል» ቢል በትህትና እምቢ ማለት ያስፈልጋል። ለመብራት ሽቦ ይበቃ ይሆናል፤ የመብራት ሽቦ ሲጎተት ውስጡ አይበላሽም።

በሁለት የመጎተቻ ሳጥኖች መካከል ከሁለት በላይ የ90 ዲግሪ ማጠፊያ አይኑር። ሦስተኛው ማጠፊያ ካስፈለገ እዚያ ላይ ክዳን ያለው ሳጥን ይቀመጥ። ማጠፊያው ራሱ ሰፋ ብሎ የሚዞር ይሁን እንጂ የውሃ መስመር ላይ የሚገባው ዓይነት ሹል ክርን አይሁን፤ ካት 6 ከራሱ ውፍረት ከአራት እጥፍ ባነሰ ዙሪያ፣ ማለትም ከ25 ሚሊ ሜትር ባነሰ ራዲየስ መታጠፍ የለበትም።

በሶሌታው ውስጥ የሚያልፍ ቱቦ ከሆነ ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት ከፌሮው ጋር በደንብ ይታሰራል፤ አፉም በወረቀትና በፕላስተር ይደፈናል። በሙሌት ቀን ቱቦ የሚበላሸው በሁለት መንገድ ነው፤ ወይ የሠራተኛ እግርና የቫይብሬተር ጫፍ ይረግጠዋል፣ ወይ የሲሚንቶ ውሃ በመገጣጠሚያው ገብቶ ውስጡ ይደርቃል። ስለዚህ በየቱቦው ሲባጎ አስገብቶ መተው ጥሩ ነው። ከሙሌቱ ማግስት ሲባጎውን ወዲያና ወዲህ መሳብ፣ ከልስን በኋላም እንደገና መሳብ። ያልተንቀሳቀሰ ሲባጎ የተደፈነ ቱቦ ማለት ነው፤ በዚያ ሰዓት መፍትሔው የአንድ ቀን ሥራ ብቻ ነው።

ከ220 ቮልቱ መስመር ጋር በአንድ ቱቦ ማሳለፍ በፍጹም አይፈቀድም። ጩኸት (የኤሌክትሪክ ረብሻ) መግባቱ ትንሹ ምክንያት ነው። የኔትዎርክ ኬብል ልባስ የመብራት ኃይልን ለመቋቋም አልተሠራም፤ አንድ የተላጠ ሽቦ ቢነካው 220 ቮልት በየክፍሉ ኮምፒውተር ጀርባ ይወጣል። ጎን ለጎን በሚሄዱበት ቦታ በሁለቱ ቱቦዎች መካከል 20 ወይም 30 ሳንቲ ሜትር ይተው፤ መሻገር ካለባቸው ቀጥ ባለ መስቀል ይሻገሩ።

ልስን ከመመታቱ በፊት ሜትር ግድግዳው ላይ ዘርግቶ እያንዳንዱን ግድግዳ ፎቶ ማንሳት እጅግ ርካሹ ሥራ ነው። ከዓመታት በኋላ መጋረጃ ለመስቀል ድሪል የያዘ ሰው ያንን ፎቶ ያመሰግናል።

ስንት መስመር?

ቆጠራው የሚጀምረው ቋሚ ሆነው ከሚቀመጡ ዕቃዎች ነው። ለዚህ ቤት፦ ከሳሎኑ ቴሌቪዥን ጀርባ 3፣ በሦስቱ መኝታ ቤቶች ሁለት ሁለት፣ ሥራ ክፍል 2፣ ለአክሰስ ፖይንት በየፎቁ ጣሪያ አንዳንድ፣ ለውጭ ካሜራ በአራቱ ማዕዘን 4። በድምሩ 17 መስመር። በመኝታ ቤት ሁለት የሚደረገው አንዱ ቢበላሽ ሌላው እንዲተካው፣ አልጋና ጠረጴዛ ቦታ ሲቀያየሩም ረጅም ሽቦ ወለል ላይ እንዳይንጋለል ነው፤ ሁለቱን በተለያየ ግድግዳ ማድረግ ይሻላል።

የአንድ መስመር አማካይ ርዝመት 15 ሜትር ቢሆን፣ በሁለቱም ጫፍ ለመጠባበቂያ የሚተወው 1.5 ሜትር ሲጨመር፣ 17 መስመር 280 ሜትር ገደማ ይወስዳል። አንድ ካርቶን ኬብል 305 ሜትር ነው። ስለዚህ ይበቃል፤ ግን የተረፈው 25 ሜትር ብቻ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው የርዝመት አለካክ ነው። ኬብል በክፍሉ መሐል በአየር አይሄድም፤ መስመሮቹ ከሚሰበሰቡበት ካቢኔት ወደ ጣሪያ ይወጣል፣ በጣሪያው ይሄዳል፣ እንደገና ወደ ሶኬቱ ይወርዳል። በፕላኑ ላይ 8 ሜትር የሚመስለው መስመር 13 ሜትር ሊሆን ይችላል። በግድግዳ ውስጥ ደግሞ መቀጠል የለም።

ሁሉም መስመር ወደ አንድ ቦታ ይሰበሰባል። በጂ+1 ቤት ከደረጃው ሥር ያለው ባዶ ቦታ ለዚህ የተሠራ ይመስላል፤ ደረቅ ነው፣ መሐል ላይ ነው፣ ለላይኛው ፎቅ ቅርብ ነው። ወጥ ቤት እንፋሎትና ዘይት አለው፤ ከመታጠቢያ ቤት ጋር የሚጋራ ግድግዳም አይመከርም። ወደ ላይኛው ፎቅ የሚወጡት ኬብሎች ስድስቱ የመኝታ ቤት፣ አንዱ የአክሰስ ፖይንት፣ ሁለቱ የካሜራ፣ በድምሩ 9 ናቸው፤ ሁለት ባለ 32 ቱቦ ይበቃቸዋል። አንድ ተጨማሪ ባዶ ቱቦ ከካቢኔቱ እስከ አጥሩ ይውጣ። የኢትዮ ቴሌኮም ፋይበር የሚመጣው ከፖል ነው፤ መግቢያ ካልተዘጋጀለት የሚገጥሙት ልጆች በመስኮቱ ማዕዘን ቀድደው በአቅራቢያው ባለው ሶኬት አጠገብ ሳጥኑን ይተክሉታል። እነሱን መውቀስ አይቻልም፤ መንገድ አላገኙም። መንገዱ ካለ ግን የፋይበሩ ሳጥን በቀጥታ ካቢኔቱ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ሁሉም ነገር በሥርዓቱ ይሄዳል።

ኬብሉን መግዛት

መርካቶ ላይ «ካት 6» የሚል ጽሑፍ የሌለበት ካርቶን ማግኘት ይከብዳል። ጽሑፉ ግን ብዙ አይናገርም። ካት 5ኢ አንድ ጊጋቢትን እስከ 100 ሜትር ያለ ችግር ያደርሳል፤ ካት 6 ከዚያ አልፎ 10 ጊጋቢትን እስከ 55 ሜትር ሊያደርስ ይችላል፤ ካት 6ኤ እስከ 100 ሜትር። ለመኖሪያ ቤት ትክክለኛ ካት 6 ከበቂ በላይ ነው። በ2016 የወጣው የ2.5 እና የ5 ጊጋቢት ደረጃ ራሱ የተዘጋጀው በነዚሁ ኬብሎች ላይ እንዲሠራ ታስቦ ነው። «ካት 7» ወይም «ካት 8» ተብሎ የሚሸጥ ጠፍጣፋ ቀጭን ሽቦ ላይ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም። በብረት ወረቀት የተጠቀለለውንም ኬብል ለቤት አልመርጠውም፤ መከለያው የሚጠቅመው አስተማማኝ የመሬት መስመር (ኧርዝ) ሲኖር ነው፤ ያ በሌለበት ቤት ጥቅሙ ይቀርና ወጪውና የመግጠሙ ድካም ይተርፋል። ተራው፣ መከለያ የሌለው ዩቲፒ ይበቃል።

እውነተኛው አደጋ ከላይ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። ከውጭ ሲታይ ልዩነት የለውም፤ ዋጋው ግን በጣም ዝቅ ይላል። አሉሚኒየም ኤሌክትሪክን የሚያስተላልፈው ከመዳብ 60 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲታጠፍ ይሰበራል፤ ጃክ (የግድግዳ መሰኪያ) ላይ ሲገጠም ከጊዜ በኋላ መያዣው ይላላል። በተለይ በኬብሉ ኃይል ለሚመገቡ ካሜራዎች ሲውል ቮልቴጁ በመንገድ ይወድቅና ካሜራው ማታ ማታ የኢንፍራሬድ መብራቱ ሲበራ ይጠፋል። ቀን ይሠራል፣ ሲመሽ ይጠፋል፤ ሰው ካሜራውን ይለውጣል፣ ችግሩ ግን ግድግዳው ውስጥ ነው።

መለየት ከባድ አይደለም። አንዷን ሽቦ በቢላ ፋቅ ማድረግ፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ አሉሚኒየም ነው። ካርቶኑን ማንሳት፤ የመዳብ ካት 6 ካርቶን ከ10 ኪሎ ያልፋል፣ የአሉሚኒየሙ በአንድ እጅ ይነሳል። መለኪያ ያለው ሰው ደግሞ 30 ሜትር ቆርጦ በአንዱ ጫፍ የአንድን ጥንድ ሁለት ሽቦዎች አጣምሮ በሌላው ጫፍ ኦሙን ይለካ፦ መደበኛ የካት 6 መዳብ 4 ኦም ገደማ ያሳያል፤ 6 ኦምና ከዚያ በላይ ካሳየ ካርቶኑ ወደ ሱቁ ይመለስ። የመለኪያውን የራሱን ሽቦዎች እርስ በርስ አነካክቶ የሚያሳየውን ቀድሞ መቀነስ ያስፈልጋል።

አጎታተቱ ላይ ሁለት ነገር ብቻ። ኬብል በጉልበት አይጎተትም፤ የሚፈቀደው ኃይል 110 ኒውተን፣ ማለትም 11 ኪሎ የሚመዝን ዕቃ የማንሳት ያህል ነው። እምቢ ካለ ሁለተኛ ሰው ከወዲያ እየገፋ ይርዳ፤ ታልከም ፓውደርም ያለሰልሳል። ፈሳሽ ሳሙና ግን አይሆንም፤ ደርቆ ይጣበቅና ኬብሉን ዳግም ለማውጣት ያስቸግራል። ሁለተኛው ምልክት ነው። ከመጎተቱ በፊት በሁለቱም ጫፍ ቁጥር ይጻፍ፣ ከጫፉ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ራቅ ብሎም ይደገም፤ ጫፉ ተቆርጦ ይጣላልና።

ስምንቱ ሽቦዎች

ሥራው የሚበላሸው እዚህ ስለሆነ እዚህ ላይ መቆየት እፈልጋለሁ።

ግድግዳ ውስጥ ያለው ኬብል ሽቦው ደንዳና ነው፤ መንቀሳቀስ አይወድም። ስለዚህ በክፍሉ በኩል ጫፉ በግድግዳ ጃክ ላይ፣ በካቢኔቱ በኩል ደግሞ በፓች ፓነል (መስመሮቹ ሁሉ ተሰልፈው በሚታሰሩበት ሰሌዳ) ላይ ይታሰራል፤ ከዚያ እስከ ኮምፒውተሩና እስከ ስዊቹ ያለውን ለስላሳ ፓች ኮርድ ይወስደዋል። ወንዱን አርጄ45 (በኬብል ጫፍ ላይ የሚገጠመውን የፕላስቲክ መሰኪያ) በቀጥታ በግድግዳው ኬብል ጫፍ ላይ ክሪምፕ ማድረግ ጊዜ ይቆጥባል፤ ነገር ግን በተነካካ ቁጥር ሽቦው ይደክምና አንድ ቀን ከስምንቱ አንዱ ይቋረጣል። ለካሜራና ለጣሪያ አክሰስ ፖይንት ግን ይፈቀዳል፤ አንዴ ከተሰቀሉ ማንም አይነካቸውም።

የቀለም ቅደም ተከተል ሁለት ነው፤ ቲ568ኤ እና ቲ568ቢ። አንዱን መርጦ በሁሉም ቦታ መጠቀም ነው። ቢ ከተመረጠ ከ1 እስከ 8፦ ነጭ‑ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ‑አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ‑ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ‑ቡኒ፣ ቡኒ። አረንጓዴዎቹ ጥንድ ሆነው ሳለ ተለያይተው በ3 እና በ6 መቀመጣቸው ለጀማሪ እንግዳ ይሆንበታል። «በሁለቱም ጫፍ አንድ እስከሆነ ድረስ ምን ለውጥ አለው?» ብሎ ጥንዶቹን በተርታ ይደረድራል፦ ብርቱካኖቹ፣ አረንጓዴዎቹ፣ ሰማያዊዎቹ፣ ቡኒዎቹ። ስምንት መብራት ያለውን ቴስተር ሲሰካ ከ1 እስከ 8 በተራ ይበራሉ። ሁሉም ትክክል ይመስላል።

ግን አይደለም። ኬብሉ ውስጥ ሁለት ሁለት ሽቦዎች እርስ በርስ የተጠማዘዙት በምክንያት ነው፤ አንዱ የሚይዘውን ጩኸት ሌላውም እኩል ስለሚይዘው ተቀባዩ ልዩነታቸውን ብቻ ወስዶ ጩኸቱን ይጥለዋል። ኤተርኔት 3ን እና 6ን እንደ ጥንድ ይጠቀማል። በተርታ በተደረደረው ኬብል 3ኛው ነጭ‑አረንጓዴ፣ 6ኛው ሰማያዊ ነው፤ ማለትም ከሁለት የተለያዩ ጥንዶች የመጡ ናቸው፤ እርስ በርስ አልተጠማዘዙም። ጩኸቱ አይጣልም፤ የአንዱ ምልክት ወደ ሌላው ይፈሳል። በ2 ሜትር ኬብል ምናልባት ይሠራል፤ በ20 ሜትር ይቆራረጣል ወይም ጨርሶ አይያያዝም። ርካሹ ቴስተር ይህን አይቶ አያውቅም፤ የሚነግረን ሽቦው ከጫፍ እስከ ጫፍ መድረሱን ብቻ ነው። ስለዚህ ቴስተሩን ከማመን በፊት ዓይን ቀለሙን ይመልከት።

ከዚያው ምክንያት የሚመነጭ ሌላ ደንብ አለ፦ ሽቦዎቹ ከጃኩ ጋር በሚታሰሩበት ቦታ ጥምዝማዛው ከ13 ሚሊ ሜትር በላይ አይፈታ፤ ባነሰ ቁጥር ይሻላል። ለመሥራት እንዲመች ብሎ 4 ሳንቲ ሜትር ፈትቶ የሚያስተካክል ሰው ካት 6 ገዝቶ ጫፉን የስልክ ሽቦ ያደርገዋል። የውጪውን ልባስ ሲላጥ ምላጩ ውስጡን እንዳይነካ ኬብሉን በቀስታ ዞር አድርጎ፣ ከዚያ አጥፎ መስበር ነው። መሐል ያለው የፕላስቲክ መስቀል ከሥሩ ይቆረጣል። ወንዱ አርጄ45 ላይ ደግሞ የውጪው ልባስ ጫፍ ከሶኬቱ ውስጥ ገብቶ በመያዣው ጥርስ መጨበጥ አለበት፤ ስምንቱ ቀጫጭን ሽቦዎች ብቻቸውን ክብደት መሸከም የለባቸውም።

ፍተሻው በቴስተር አይቆምም። ላፕቶፕ ተሰክቶ በኔትዎርክ ማስተካከያው ውስጥ የመስመሩ ፍጥነት 1000 ማለቱ ይታይ። 100 ካለ በአብዛኛው ምክንያቱ አንድ ነው፦ 100 ሜጋቢት የሚጠቀመው 1፣ 2፣ 3 እና 6ን ብቻ ሲሆን ጊጋቢት ስምንቱንም ይፈልጋል፤ ስለዚህ ከሰማያዊው ወይም ከቡኒው ጥንድ አንድ ሽቦ አልያዘም ማለት ነው። ጃኩን እንደገና ማሰር ብዙውን ጊዜ ይፈታዋል። በሁለት ኮምፒውተር መካከል አይፐርፍ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ሲለካ ጤናማ የጊጋቢት መስመር 940 ሜጋቢት ገደማ ይሰጣል። 1000 የማይሞላው የየፓኬቱ መጠቅለያ የራሱን ድርሻ ስለሚወስድ ነው፤ ጉድለት አይደለም።

ስዊችና ኃይል

17ቱ መስመሮች በሁለት ዓይነት ይከፈላሉ። አራቱ ካሜራና ሁለቱ አክሰስ ፖይንት ኃይላቸውን በኬብሉ ይወስዳሉ፤ የቀሩት 11 አይወስዱም። ባለ 24 ፖርት የኃይል ስዊች ከመግዛት ባለ 16 ፖርት ተራ ጊጋቢት ስዊችና ባለ 8 ፖርት ፒኦኢ (በኬብሉ ኃይል የሚሰጥ) ስዊች አንድ ላይ መግዛት ይረክሳል፤ አንዱ ቢበላሽም ቤቱ ሁሉ አይቆምም። በ16ቱ ላይ 11 መስመር፣ ራውተሩ፣ የፒኦኢው ስዊችና የሰርቪስ ቤቱ መስመር ሲገቡ 14 ይሆናል፤ ሁለት ይተርፋል።

የፒኦኢ ስዊች ሲገዛ የፖርቱን ብዛት ብቻ ሳይሆን ጠቅላላ ዋቱን ማየት ነው። በ2003 የወጣው ደረጃ፣ 802.3ኤኤፍ፣ በአንድ ፖርት 15.4 ዋት ይሰጣል፤ በ2009 የወጣው 802.3ኤቲ 30 ዋት። ማታ ኢንፍራሬዱ የበራ ካሜራ 7 ዋት፣ አክሰስ ፖይንት 13 ዋት ይወስዳል ብንል፣ አራት ካሜራና ሁለት አክሰስ ፖይንት 54 ዋት ናቸው። ከ17ቱ ውጭ ለሆነው የግቢ በር መጥሪያ ሌላ 7 ዋት ሲጨመር 61። ጠቅላላ አቅሙ 60 ዋት የሆነ ስዊች እዚህ አይበቃም፤ 120 ዋት የሚለውን መውሰድ ነው። «24 ቮልት ፓሲቭ» የሚል ማከፋፈያ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ ማን እንደተሰካበት ሳይጠይቅ ኃይል ይለቃል፤ ያልተዘጋጀ ዕቃ ከተሰካበት ሊያቃጥል ይችላል። ትክክለኛው ፒኦኢ መጀመሪያ ይጠይቃል፣ መልስ ሲያገኝ ብቻ ይሰጣል።

መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ከአሁኑ መታሰብ አለበት። የፋይበሩ ሳጥን፣ ራውተሩና ተራው ስዊች በድምሩ 25 ዋት ገደማ ይወስዳሉ። ባለ 12 ቮልት 7 አምፔር‑ሰዓት ባትሪ ያለው ትንሽ ዩፒኤስ እነዚህን ለሁለት ሰዓት ገደማ ያቆያል። የፒኦኢው ስዊች ከነካሜራዎቹ ሲጨመር ግን ጊዜው ወደ ግማሽ ሰዓት ይወርዳል። ስለዚህ ወይ ለካሜራዎቹ የራሳቸው ዩፒኤስ፣ ወይ ትልቅ ባትሪ።

ከተሰካ በኋላ የሚመጡት ሁለት ታዋቂ ችግሮች የኬብል አይደሉም። አንደኛው ዙር ነው። አንድ ሰው ባዶ ያገኘውን ፓች ኮርድ ሁለቱንም ጫፍ እዚያው ስዊች ላይ ይሰካዋል፤ ለሁሉም የተላከ አንድ መልእክት በዚያ ዙር ያለማቋረጥ ይባዛና በሰከንዶች ውስጥ ቤቱ ሁሉ ይቆማል፤ የስዊቹ መብራቶች ሁሉ በአንድ ላይ በፍጥነት ይርገበገባሉ። ይህን የሚከላከለውን ስፓኒንግ ትሪ የተባለ ዘዴ ራዲያ ፐርልማን በ1985 ፈጥራዋለች፤ ርካሽ ስዊቾች ግን ብዙውን ጊዜ የላቸውም። ሁለተኛው ሁለት ራውተር ነው። አሮጌውን ራውተር እንደ አክሰስ ፖይንት ለመጠቀም በተራ ፖርቱ ሲሰኩት ሁለቱም አድራሻ ማደል ይጀምራሉ፤ ከዕቃዎቹ ከፊሉ ኢንተርኔት ያገኛል፣ ከፊሉ አያገኝም፣ ነገ ደግሞ ይቀያየራሉ። መፍትሔው ከመሰካቱ በፊት የሁለተኛውን ዲኤችሲፒ (አድራሻ የሚያድለውን ክፍል) ማጥፋትና አድራሻውን ከመጀመሪያው የተለየ ማድረግ ነው፤ የመጀመሪያው 192.168.1.1 ከሆነ ይህኛው 192.168.1.2 ይሁን።

ሰርቪስ ቤቱ

ወደ ጓሮ የሚሄደውን መስመር በመዳብ ማድረግ ይቀናል፤ እኔ ግን በፋይበር ይሁን እላለሁ። ሁለቱ ቤቶች የተለያየ የመሬት መስመር ካላቸው በመካከላቸው የቮልቴጅ ልዩነት ይኖራል፤ በክረምት መብረቅ በአቅራቢያው ሲወርድ ደግሞ በግቢው የተዘረጋው መዳብ እንደ አንቴና ይሰበስበውና በሁለቱም ጫፍ ያለውን ዕቃ ይዞ ይሄዳል። ፋይበር መስታወት ነው፤ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ጫፉ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ 30 ወይም 40 ሜትር የውጭ ፋይበርና ሁለት ሚዲያ ኮንቨርተር (የመዳቡን ምልክት ወደ ብርሃን፣ ብርሃኑንም መልሶ የሚለውጥ ዕቃ) ይበቃል። ኮንቨርተሮቹ ጥንድ መሆናቸው ይረጋገጥ፤ በአንድ ክር የሚሠሩት አንዱ የሚልክበትን ሞገድ ሌላው የሚቀበል መሆን አለበት፤ ሁለት አንድ ዓይነት ከተገዛ አይነጋገሩም።

ወደ ግቢው በር የሚሄደው መጥሪያ ግን ኃይል ስለሚፈልግ መዳብ መሆኑ ግድ ነው። ለእሱ ጥቁር ልባስ ያለው የውጭ ኬብል ይገዛ። የቤት ውስጡ ግራጫ ልባስ በአዲስ አበባ ከፍታ ፀሐይ ሲመታው ይሰነጣጠቃል፤ ከዚያ ዝናቡ ይገባል። በካቢኔቱ መግቢያ ላይም ከመሬት መስመር ጋር የተያያዘ የመብረቅ መከላከያ ይደረግበት።

ላለቀ ቤት

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያለ ወይም ቤቱ ያለቀ ሰው ግድግዳ መፈልፈል አይጠበቅበትም። መጀመሪያ የሚታየው የስልክ ወይም የአንቴና መስመር መኖሩ ነው። ካለ በቱቦው ውስጥ ያለውን አሮጌ ሽቦ ከሲባጎ ጋር አስሮ መሳብ፤ ሽቦው ሲወጣ ሲባጎው ይገባል፤ ከዚያ ሲባጎው ካት 6ን ይስባል። የአሮጌው ሽቦ መንገድ በመሐል የተቆራረጠ ከሆነ በሚቀጥለው ሳጥን ላይ እንደገና መጀመር ነው። ቱቦ ከሌለ በወለሉ ጠርዝ የሚሄድ ባለ 25 በ16 ሚሊ ሜትር ፕላስቲክ ትራንኪንግ ሁለት ኬብል በደንብ ይይዛል፤ በግድግዳው ቀለም ከተቀባ ብዙም አይታይም። ጀርባው ላይ ያለው ማጣበቂያ ብቻ በኖራ ቀለም ላይ አይቆይም፤ በየ50 ሳንቲ ሜትሩ በፊሸርና በብሎን ይታሰር።

ከክፍል ወደ ክፍል ሲሻገር በበሩ ሥር ማሳለፍ ኬብሉን ያስጨፈልቃል። ከበሩ ማቀፊያ አጠገብ፣ ከወለሉ ትንሽ ከፍ ብሎ በ10 ሚሊ ሜትር ድሪል ብሎኬቱን ወዲያ ማዶ መብሳት ይሻላል። ቀዳዳው ከአንዱ ወገን ተጀምሮ እስከ ግማሽ፣ ከዚያ ከሌላው ወገን እስከ ግማሽ ይበሳ፤ ከአንድ ወገን ብቻ የተገፋ ድሪል በሚወጣበት በኩል ልስኑን በሰፊው ይዞ ይወድቃልና። 10 ሚሊ ሜትሩ የሚበቃው ለኬብሉ ብቻ ነው፤ አርጄ45 የተገጠመለት ጫፍ አያልፍም፤ ስለዚህ ኬብሉ ባዶውን ካለፈ በኋላ ጫፉ ይሠራል።